ስለ ዴቪስ ስታወሩ ባሪያውን የት ጣላችሁት?

እኛ ኢትዮጵያውያን ለክርክር አሜሪካንን ስንፈልጋት አጥተናት አናውቅም። አንቀጽ 39 በተነሣ ቁጥር አንዱ ብድግ ይልና «ሊንከን አገሩን በጠብመንጃ አንድ አደረገ፤ የሰለጠነ አገር ገንጣይን እንዲህ ነው የሚያስተናግደው!» ይላል። ሌላው ጉሮሮውን ጠርጎ «ደቡቦቹም እኮ የራሳቸውን ዕድል በራሳቸው ሊወስኑ ነው የተነሡት፤ መሪያቸው ጄፈርሰን ዴቪስ ምክር ቤቱን በወግ ተሰናብቶ፣ እጅ ነሥቶ ነው የወጣው» ብሎ ይመልሳል። ማኪያቶው ይቀዘቅዛል፣ ጠረጴዛው ይደበደባል። እኔ በአንድነቱ ወገን ነኝ፤ አልደብቅም። ነገር ግን ወገኔም ባላጋራዬም የሚያወሩልኝ አሜሪካ አንድ ትልቅ ነገር ይጎድለዋል። ሰው ይጎድለዋል!

ቁጥሩን ልንገራችሁ። (ስለ አሜሪካ ሳወራ ዓመቱ በፈረንጅ ነው፤ ወደ አገራችን ስመለስ በኛ እቆጥራለሁ።) በ1860 አሜሪካ ሕዝቧን ስትቆጥር ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጋ ባሪያ ተገኘ። ከዚህ ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህሉ የሚኖረው ብዙም ሳይቆዩ በተገነጠሉት 11 ክፍለ ግዛቶች ነበር። የነዚያ ክፍለ ግዛቶች ሕዝብ በሙሉ ቢደመር ዘጠኝ ሚሊዮን ገደማ ነው። እንግዲህ አስሉት፤ ከአሥር ሰው አራት ያህሉ ባሪያ ማለት ነው። «የደቡብ ሕዝብ ዕድሉን በራሱ ወሰነ» የምትሉኝ ወዳጆቼ፣ የትኛው ሕዝብ? ሚሲሲፒና ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ እኮ ባሪያው ከነፃው ሰው ይበልጥ ነበር! እነሱም ድምፅ ስጡ ተብለው ቢሆን ኖሮ ጄፈርሰን ዴቪስ የሚባል ፕሬዚዳንት ዓለም ባላየች ነበር።

ለመሆኑ ይህ ዴቪስ ማነው? በ1808 ኬንታኪ ተወለደ፣ ሚሲሲፒ አደገ፣ ዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፣ በሜክሲኮ ጦርነት ቆሰለ፣ ከ1853 እስከ 1857 የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር ሆነ። በዚያ ሥልጣኑ ሳለ ከሰሜን አፍሪካና ከቱርክ አገር ግመል አስገዝቶ ቴክሳስ በረሃ ድረስ አስጭኗል። የግመሉ ነገር አልሰመረለትም እንጂ ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። ብራየርፊልድ የሚባል የጥጥ እርሻ ነበረው፤ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል በዚያ እርሻ ላይ ከመቶ በላይ ባሪያ ያሠራ ነበር። ሰዎቹ ከበቅሎውና ከማረሻው ጋር በንብረት ተመዝግበዋል ማለት ነው።

ወዳጆቹ «ደግ ጌታ ነበር» ይላሉ። በወንድሙ እርሻ እንደተጀመረው ሁሉ በሱም ዘንድ ባሮቹ ሲያጠፉ እርስ በርሳቸው የሚዳኙበት ሸንጎ ነበራቸው። ይሁን፣ እንቀበል። ዶሮ የሰረቀ ባሪያ በባሪያ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ምስክር ይሰማል፤ ፍርድ ይሰጣል። አንድ ጉዳይ ብቻ በዚያ ሸንጎ ሊነሣ አይችልም፦ ለምን ባሪያ ሆንን የሚለው! እኔ የደግ ጌታ ታሪክ ሲነገረኝ ሁልጊዜ ያቺን ያልተከፈተች መዝገብ ነው የማስበው።

ጃንዋሪ 21 ቀን 1861 ዴቪስ ሴኔቱን ተሰናበተ። በወሩ፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን፣ ሞንትጎመሪ ላይ የገንጣዮቹ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ሆኖ ማለ። ምክትሉ አሌክሳንደር ስቲቨንስ የሚባል የጆርጂያ ሰው ነው፤ ክስት ያለ፣ በሽተኛ፣ ምላሱ ግን የተባ። ይኸው ሰው ማርች 21 ቀን ሳቫና ከተማ ላይ ተነሥቶ ያለ ሐፍረት ተናገረ። የአዲሱ መንግሥታችን የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ሰው ከነጭ ጋር እኩል አለመሆኑ ነው፤ ባርነት የተፈጥሮ ቦታው ነው አለ። ሰው በእንዲህ ያለ ነገር ላይ መንግሥት ሲያቆም የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን ብሎም ኮራበት። ጦርነቱ ገና አልተጀመረም፤ ማንም አላስገደደውም፤ ጠላት ያወራበት ሐሜትም አይደለም። ባለቤቱ በአፉ የመሰከረው ነው።

ከተሸነፉ በኋላስ? ስቲቨንስም መጽሐፍ ጻፈ፣ ዴቪስም በ1881 ሁለት ጥራዝ ሙሉ ጻፈ። ሁለቱም ነገሩ ስለ ባርነት አልነበረም፣ ስለ ክፍለ ግዛቶች መብትና ስለ ሕገ መንግሥት ነው አሉ። ሲያሸንፉ የሚመኩበትን ሲሸነፉ ይክዱታል! ይህ ለኛ አገር አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም መቼም። በጫካ ዘመን የተጻፈ ማኒፌስቶ ቤተ መንግሥት ሲገባ እንዴት እንደሚጠፋ አይተናልና።

እሺ፣ የክፍለ ግዛት መብት ነው እንበል። በማርች 11 ቀን 1861 የጸደቀውን ሕገ መንግሥታቸውን እንየው። አብዛኛው ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። ከጨመሯቸው ነገሮች ዋናው ግን ይህ ነው፦ በጥቁር ባሪያ ላይ ያለን የባለቤትነት መብት የሚነካ ሕግ ማውጣት ክልክል ነው። አንድ ጌታ ባሮቹን አስከትሎ ወደ ሌላው ክፍለ ግዛት ሲሄድም የዚያ አገር ሕግ ሊከለክለው አይችልም። እንግዲህ የክፍለ ግዛቱ መብት የት ገባ? አንዱ ክፍለ ግዛት ነገ ልቡ ቢራራና «እኔስ ባርነት ይብቃኝ» ቢል፣ ጌታው ባሮቹን እየነዳ በሩ ላይ ሲደርስ መመለስ አይችልም። በጌታ ላይ የማይሠራ መብት!

የሚገርመው ደግሞ መገንጠል ነው። አንቀጽ 39ን ፍለጋ ያንን ሕገ መንግሥት ብታገላብጡት አታገኙትም። መግቢያው ላይ የጻፉት ቋሚ መንግሥት እንመሠርታለን ብለው ነው። ተገንጥለው የወጡ ሰዎች ከነሱ ለሚገነጠል ግልጽ በር አልተዉም። የቴኔሲ ምሥራቃዊ ተራራ ሕዝብ፣ ባሪያ የሌለው ገበሬ ነው አብዛኛው፣ እኛ ከአሜሪካ ጋር ነን ብሎ በኖቬምበር 1861 የባቡር ድልድይ ሲያቃጥል የዴቪስ መንግሥት ምን አደረገ? የራስን ዕድል በራስ መወሰን ነው ብሎ አጨበጨበ? ወታደር ላከ፤ የተያዙትን ሰቀለ!

ሌላም አለ። ከጦርነቱ በፊት፣ በ1850፣ እነዚሁ የደቡብ ጌቶች በዋሽንግተን የወጣ ሕግ ያዙ። ከባርነት አምልጦ ሰሜን የገባ ሰው ካለበት ተይዞ ለጌታው እንዲመለስ የሚያዝ ሕግ ነው። የሰሜኑ ክፍለ ግዛት አልፈልግም፣ በኔ ምድር ሰው አይጋዝም ቢል በማዕከላዊ መንግሥት ክንድ ይገደዳል። ያኔ የማዕከሉ ጉልበት ለነሱ ጣፋጭ ነበር። ማዕከሉ ሊንከንን ሲመርጥ ግን መረረ፤ «ጣልቃ ገብነት» ሆነ። ሥልጣን ለጌታው እስካገለገለ ድረስ ከመሐልም ቢመጣ ከዳርም ቢመጣ ግድ አልነበራቸውም።

ባሪያ የሌለው ድሀ ነጭስ? አብዛኛው የደቡብ ነጭ ቤተሰብ ባሪያ አልነበረውም፤ ሞቱን ግን የሞተው እሱ ነው። በአፕሪል 1862 ዴቪስ የግዳጅ ምልመላ አወጀ። በዚያው ዓመት መከር ላይ ደግሞ ምክር ቤቱ ሃያ ባሪያ ባለበት እርሻ አንድ ነጭ ሰው ከዘመቻ እንዲቀር ፈቀደ፤ ባሮቹን የሚጠብቅ ያስፈልጋላ! ሃያ ባሪያ ያለው ልጁን እቤት ያስቀራል፤ ሁለት በሬ ያለው ልጁን ወደ ግንባር ይሸኛል። ወታደሩ ነገሩ ገብቶታል፤ የሀብታም ጦርነት፣ የድሀ ውጊያ እያለ ይራገም ነበር። አፕሪል 2 ቀን 1863 ዋና ከተማቸው ሪችመንድ ውስጥ የተራቡ ሴቶች ዳቦ ብለው ተነሡ፤ ሱቅ ሰበሩ። ፕሬዚዳንቱ ራሱ መጣና ጋሪ ላይ ወጥቶ ኪሱ ውስጥ የነበረውን ሳንቲም በተነላቸው። ቀጠለና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካልሄዳችሁ ወታደሩ ይተኩሳል አላቸው። የባሏ ደም ለግንባር፣ ለሷ ሳንቲምና ጥይት!

ካቢኔውን አላወራም፤ ቢወራም አያልቅ። በአራት ዓመት ውስጥ አምስት የጦር ሚኒስትር ተሾመ ብላችሁ በቂ ነው። ምክትሉ ስቲቨንስ ተኳርፎ ብዙውን ጊዜ አገሩ ጆርጂያ ከረመ። የጆርጂያው ገዥ ብራውን ወታደሬን አልሰጥም፣ ምልመላህን አልቀበልም እያለ ሲሟገት ጦርነቱ አለቀ። ዴቪስ ደግሞ ወዳጁ የሆነ ጄኔራል ቢሸነፍ አይሽረውም፤ የተቀየመውን ጄኔራል ቢያሸንፍ አያመሰግነውም። ለራሱ መብት ከአገር የተገነጠለ መኳንንት እርስ በርሱ ለምን ይስማማል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ?

መጨረሻው ግን መነገር አለበት፤ ክርክሩን የሚዘጋው እሱ ነውና። በማርች 1865፣ ሁሉ ነገር ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ የጨነቀው መንግሥት ባሪያ ወታደር ሆኖ እንዲመለመል ሕግ አወጣ። ተዋግተህ ነፃ ውጣ ይላል ብላችሁ ታስባላችሁ? አይልም! ያለ ጌታው ፈቃድ የባሪያው ነገር እንደነበረ ይቆያል ይላል ሕጉ። ለባርነቱ ሙትልን ማለት ነው። ከራሳቸው መኳንንት አንዱ፣ ሃውል ከብ የተባለው ጄኔራል፣ ባሪያ ጥሩ ወታደር ከሆነ ስለ ባርነት ያመንበት ሁሉ ስሕተት ነው ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። እውነቱን ነው፤ በሌላው ወገን ወደ 180 ሺህ የሚደርስ ጥቁር ወታደር ለዓመታት ሲዋጋ ቆይቶ አሳይቶታልና።

ይህችን ለወገኖቼ፣ ለአንድነት ሰዎች፣ ላስምርባት። «ሊንከን በጠብመንጃ አንድ አደረገ» ትላላችሁ። ሊንከንም ሲጀምር ባሪያ ነፃ ላወጣ ነው አላለም፤ አገር ላድን ነው ያለው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተዋግቶ አልሆነለትም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 በአመፀኞቹ እጅ ባለው ምድር ያለ ባሪያ ነፃ ነው ብሎ አዋጅ ካወጣ በኋላ ነው ያ ሁሉ ጥቁር ሰው ዩኒፎርም ለብሶ የመጣለት። አንድነቱን ያዳነው ጠብመንጃው ብቻ ሳይሆን ጠብመንጃውን የያዘው አዲስ ነፃ ሰው ጭምር ነው። እናንተ ግን ከሊንከን ጠብመንጃዋን ወስዳችሁ አዋጁን ትታችሁለታል!

ዴቪስ ከሪችመንድ ሸሽቶ ሜይ 10 ቀን 1865 ጆርጂያ ውስጥ ተያዘ። ሁለት ዓመት ታስሮ በ1867 በዋስ ተፈታ፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ክሱ ተዘጋ። ከ6 መቶ ሺህ ሰው በላይ ካለቀበት ጦርነት በኋላ መሪው አንድ ቀን አልተፈረደበትም። በ1889 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በአልጋው ላይ ሞተ። ሪችመንድ በ1907 ሐውልት አቆመችለት። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር ዜግነቱን ሳይቀር በፊርማው መለሰለት። ሐውልቱን በሰኔ 2020 (በነሱ ጁን ማለት ነው) ሰልፈኛ በገመድ ጎትቶ ጣለው። ከብራየርፊልድ ባሮች ለአንዱ እንኳ ሐውልት ሲሠራ የሰማ ካለ ይንገረኝ።

ይህን ሁሉ የማወራው ለአሜሪካኖች ተቆርቁሬ አይደለም። እኔ የንፋስ መውጫ ሰው ነኝ፤ ጋይንቴ። ከከተማችን በጋሸና አድርጎ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ስትወጡ ደብረ ዘቢጥንና ጨጨሆን ታገኛላችሁ። በዚያው በጋይንት ምድር አንቺም የሚባል ሜዳ አለ። የኛ መኳንንት ጦርነት እዚያ ላይ ነው የተደረገው፤ የዴቪስ ወሬ ሲነሣ እኔን የሚያስበኝም እሱ ነው።

በዚያው ዘመን፣ ዴቪስ በዋስ በተፈታበት ዓመት መጨረሻ፣ አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ አልፈዋል። እሳቸው የባሪያ ንግድ ይቅር ብለው ነበር። አጼ ዮሐንስም በ1876 ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ የባሪያ ንግድን ሊከለክሉ ቃል ገብተዋል። ንግዱ ግን አልቀረም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ፍትሐ ነገሥታችን ነው። አንቀጽ 31 ላይ ሰው በተፈጥሮው ነፃ ነው፣ ባርነትን ያመጣው ጦርነትና ጉልበት ነው ብሎ ይጀምራል። ስቲቨንስ ተፈጥሮ ነው ያለውን የኛ መጽሐፍ ተፈጥሮ አይደለም ብሎ አውቆታል ማለት ነው። አውቆታልና ከዚያ ዝቅ ብሎ የባሪያን ሥርዓት ይደነግጋል! አሜሪካኖቹ ሳያፍሩ ዋሹ፤ እኛ እውነቱን ጽፈን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው።

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ ባርነትን አስወግዳለሁ ብላ። መጋቢት 22 ቀን 1916 የባሪያ ነፃነት ደንብ ወጣ። ደንቡ ምን ይላል? ጌታው ሲሞት ባሪያው ለወራሾቹ ሰባት ዓመት አገልግሎ ነፃ ይወጣል! ሰባት ዓመት! እንግዲህ ጌታህ እስኪሞት ጠብቅ፣ ሲሞት አልቅስ፣ ካለቀስክ በኋላ ደግሞ ሰባት ክረምት ለልጁ አርስ። ይህም ሆኖ ለብዙ መኳንንት በዛባቸው።

ልክ በስድስት ዓመቱ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922፣ በአንቺም ሜዳ ጦርነት ሆነ። ቀኑ አንድ መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ከዚያ በላይ አልልም። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሳ ወሌ፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ በአልጋ ወራሹ በንጉሥ ተፈሪ መንግሥት ላይ ተነሡ። የንግሥት ዘውዲቱ ባል ነበሩ፤ ንግሥቲቱ ዙፋን ስትይዝ ከሷ እንዲለያዩ ተደርገዋል። ቂሙም፣ ክብሩም፣ የድሮው የመኳንንት ሥልጣን እየተሸረሸረ መሄዱም ተደምሮ ነው ያወጣቸው። በፊታውራሪነት የመጣው የማዕከሉ ጦር መሪ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ናቸው። አገር ውስጥ ከገባ ዓመት ያልሞላው አውሮፕላን በጋይንት ሰማይ ላይ እየዞረ መጀመሪያ የአባቶችን ውግዘት የያዘ ወረቀት፣ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ገበሬው ከሰማይ ውግዘት ሲወርድበት ምን ያድርግ? ብዙው ተበተነ። ራስ ጉግሳ ተከብበው ወደቁ። በሁለተኛው ቀን ንግሥት ዘውዲቱ አረፉ። በማግሥቱ ተፈሪ ንጉሠ ነገሥት ተባሉ።

ራስ ጉግሳ ዴቪስ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ ነገር አታጣምሙብኝ። እሳቸው አገር አልገነጠሉም፤ ስለ ባሪያ ብለውም አልተነሡም። በንጉሥ ተፈሪ ወገንም ቢሆን ባሪያ ያላቸው መኳንንት ሞልተው ነበር፤ አንቺም ላይ ነፃ አውጪ ሰፈር አልነበረም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው! አሜሪካኖቹ ቢያንስ በመጨረሻ ስለ ባሪያው ተዋጉ። የኛ ጌቶች ግን በሁለቱም ወገን ተሰልፈው፣ ባሪያቸውን ስንቅ አሸክመው፣ ገባራቸውን ጦር አስይዘው፣ ስለ ዙፋን ተጋደሉ። ስለ አንቺም ባነበብኩት ሁሉ ራሱ አለ፣ ደጃዝማቹ አለ፣ ፈረንሳዊው አውሮፕላን ነጂ ሳይቀር አለ። ስንቁን የተሸከመው የለም። ዛሬ አንዳንዱ ራስ ጉግሳን ለወግና ለሃይማኖት የወደቀ ሰማዕት ያደርጋቸዋል፤ ሌላው ተፈሪን የሥልጣኔ አባት ያደርጋል። ስለ ወግ ካወራን ባሪያ ማሳደርም ወግ ነበር። ስለ ሥልጣኔ ካወራን ሰባቱን ዓመት አትርሱብኝ።

የባርነት ሕጋዊነት ጨርሶ የተሻረው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ነው፤ ያውም ጣልያን ቀድሞን አዋጁን ለፕሮፓጋንዳ ከነገደበት በኋላ። ከአሜሪካኖቹ 77 ዓመት ዘግይተን መሆኑ ነው። ነፃ የወጣውስ የት ገባ? የኛን አገር ሥርዓት የሚያውቅ ያውቀዋል። በበጌምድር መሬት በርስት ነው፤ ርስት በአጥንት ይቆጠራል። አቅኚ አባቴ እገሌ ነው፣ ከሱ እስከኔ ይህን ያህል ቤት ነው ብለህ ቆጥረህ ትገባለህ። ባሪያ የነበረ ሰው ማንን ይቁጠር? አያቱ ከየት እንደተጋዘች ስሟን እንኳ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አዋጁ ነፃ ነህ አለው፤ ርስቱ ቦታ የለህም አለው። እንደገና በዚያው ጌታ ደጅ አሽከር፣ ገረድ፣ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። አጥንት ሳይቆጠር መሬት የሚሰጥ ሕግ እስኪወጣ የካቲት 25 ቀን 1967ን መጠበቅ ነበረበት። ደርግን የምወድበት ነገር የለኝም። ያቺን ቀን ግን አልነፍገውም።

አጥንቱ ግን ከመሬቱ ወጥቶ ጋብቻ ውስጥ ገባ። አሁንም ሽማግሌ ሲላክ ስለ ልጁ ትምህርትና ሥራ ይጠየቅና ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «አጥንቱስ?» ይባላል። ከውላጅ ወገን ነው ከተባለ ነገሩ ያልቃል፤ ምክንያቱ ለልጅቷ አይነገራትም፣ ልጁም አይሰማውም። ዶክተር ቢሆን፣ መሐንዲስ ቢሆን አያድነውም። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክርብናል። ጨዋ ስንል ሥርዓት ያለው፣ ሰው አክባሪ ማለታችን ነው፤ ቃሉ ግን ባሪያ ያልሆነም ማለት ነው። ስድብ ሲያምረን የምናወጣውን ቃል ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስቲቨንስ ሳቫና ላይ ቆሞ በጩኸት ያለውን እኛ በሹክሹክታ፣ በሠርግ ድንኳን ጓሮ እንለዋለን።

እንግዲህ ከአንቀጽ 39 ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። አገናኘው እንጂ! ሕገ መንግሥቱ በ1987 ሲጸድቅ አንቀጽ 18 ባርነትን ከለከለ፤ አንቀጽ 39 ደግሞ ለብሔር እስከ መገንጠል መብት ሰጠ። ከዚያ ወዲህ 39ን ያልተከራከረበት የለም፤ እኔም ብዙ ተከራክሬበታለሁ፣ ገናም እከራከራለሁ። ስለ 18 ግን ሲጮህ የሰማሁት የለም። ብሔሩ ልገንጠል አልገንጠል ሲባል፣ በብሔሩ ውስጥ አጥንቱ የማይቆጠርለት ሰው ምን እንደሚሆን ማን ጠየቀ? ገንጣዩ ክልሌ ይላል፤ አንድነቱ አገሬ ይላል። የክልሉም የአገሩም ጌታ ያው ከሆነ ለሱ ምኑ ነው?

ይህ ያረጀ የባርነት ወሬ ብቻ አይደለም። ነሐሴ 2013 ንፋስ መውጫ ለቀናት በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ ወደቀች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከዚያ በኋላ ባወጣው ዘገባ 16 የከተማችን ሴቶች በታጣቂዎቹ እንደተደፈሩ የተናገሩትን መዝግቧል። እኒያ ታጣቂዎችም የመጡት ስለ ራስን በራስ መወሰን እየዘመሩ ነው። አዲስ አበባም በበኩሏ ስለ አገር አንድነት ስታውጅ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ሁለቱ ወገኖች ተጨባብጠው ፈረሙ፤ ጦርነቱ መቆሙን ማንም አይጠላም፣ እኔም አልጠላሁም። ለንፋስ መውጫ ሴት ግን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር አልነበራትም። ለትግራይዋም ሴት እንደዚያው፤ የእሷም መከራ ሲጻፍ እጅ የሚያወጣ ጠፋ። መሪዎቹ ስለ ወሰን፣ ስለ ትጥቅ፣ ስለ ሥልጣን ተነጋገሩ። ዴቪስ ለተራቡት ሴቶች ኪሱን ገልብጦ ሳንቲም በተነላቸው፤ የኛዎቹ ያንንም አላደረጉም።

ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 2015፣ አማራ ክልል ደግሞ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። አሁንም አንዱ ጫካ ሆኖ በሕዝብ ስም፣ ሌላው ቢሮ ሆኖ በሕዝብ ስም ይናገራል። ለሁለታችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በመግለጫ ሳይሆን በቀጥታ መልሱልኝ። ነገ ስታሸንፉ መጀመሪያ ነፃ የሚወጣው ማነው? ስሙን ጥሩልኝ። ሁለት በሬ ያለው ገበሬ ነው? አጥንቱ የማይቆጠርለት ልጅ ነው? ዘገባው ላይ ስሟ ተቀይሮ የተጻፈችው ሴት ናት? ወይስ እንደ ሪችመንዱ ሕግ ነገራቸው እንደነበረ ይቆያል? ስለ አሜሪካ ልታስተምሩኝ የምትፈልጉም እንዲሁ፣ ዴቪስ ሴኔቱን ሲሰናበት እጅ ስለነሣው አትንገሩኝ። ብራየርፊልድ እርሻ ላይ ያን ቀን ጠዋት ጥጥ ስታስተካክል ከነበረችው ሴት ጀምሩልኝ።